ከክሎሪኑ በፊት ጭቃው፦ በጣና ዳርቻ ውኃን ለመጠጥ ማብቃት

ክረምቱ ሲበረታ የጣና ዳርቻ ውኃ የወተት ሻይ መልክ ይይዛል። ርብ፣ ጉማራ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ከደጋው ተዳፋት ያጠቡትን አፈር ተሸክመው ወደ ሐይቁ ይገባሉ፤ የፎገራና የደንቢያ ሜዳዎች በውኃ ይተኛሉ፤ በእጅ የተቆፈሩ የውኃ ጉድጓዶች በጎርፍ ይሞላሉ፤ የመጸዳጃ ጉድጓዶች ደግሞ ሞልተው ይፈሳሉ። የተቅማጥ በሽታዎች የሚበረቱትም በዚሁ ወቅት ነው። ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በኢትዮጵያ ልዩ ልዩ አካባቢዎች የተዛመተው ኮሌራ የአማራ ክልልንም አዳርሷል። እንዲህ ያለ ወረርሽኝ በተነሣ ቁጥር የሚሰጠው ምላሽ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው፤ የክሎሪን እንክብል ወይም ፈሳሽ ይታደላል፣ «ውኃ አክማችሁ ጠጡ» የሚል መልእክት ይነገራል፣ የታደለው እሽግ ብዛትም በሪፖርት ይመዘገባል። በዚህ ምላሽ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ክሎሪኑ ከመጨመሩ በፊት ያለው ሥራ፣ ማለትም ድፍርሱን ውኃ ማጥራት ነው። በጣና ዙሪያ ይህ ደረጃ ሲዘለል ከእርሱ በኋላ ያለው ሁሉ ይዳከማል።

ምክንያቱ ቀላል ኬሚስትሪ ነው። ክሎሪን ውኃ ውስጥ ሲገባ የሚያጠቃው ጀርሞችን ብቻ አይደለም፤ ያገኘውን የበሰበሰ ቅጠል፣ የአፈር ቅንጣትና የእንስሳት እዳሪ ሁሉ ያቃጥላል፣ በዚያው መጠንም ራሱ ያልቃል። በጠራ ውኃ ላይ ሠርቶ የሚተርፍ መጠን በድፍርስ ውኃ ላይ በደቂቃዎች ውስጥ ተሟጦ ሊጠፋ ይችላል። ከዚህም በላይ ባክቴሪያዎችና ቫይረሶች በደለል ቅንጣቶች ላይ ተለጥፈው ወይም በመካከላቸው ተደብቀው ስለሚኖሩ፣ ክሎሪኑ ሳይደርስባቸው ሊቀር ይችላል። ክሎሪን በደንብ የሚሠራው የውኃው ድፍርስነት፣ ኤን ቲ ዩ በሚባለው መለኪያ፣ ከ5 በታች ሲሆን ነው። በሐምሌ ከጉማራ አፍ የተቀዳ ውኃ ለዚህ ቁጥር ቅርብ አይደለም። እንግዲህ እንክብሉን ወርውራ ግማሽ ሰዓት የጠበቀች እናት የተባለችውን ሁሉ አድርጋ ሳለ ያልታከመ ውኃ ለልጆቿ ልትሰጥ ትችላለች። ይህን እንደ እርሷ ቸልተኝነት መቁጠር ስሕተት ነው፤ የጎደለው ከእንክብሉ ጋር መሰጠት የነበረበት ትምህርት ነው።

ነገሩ የክረምት ብቻ እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። ጣና ሰፊ ቢሆንም ጥልቀት የለውም፤ እጅግ ጥልቅ የሆነው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ሲሆን አማካይ ጥልቀቱ ከ10 ሜትር በታች ነው። ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስ የታችኛውን ደለል እያነሣ ስለሚያማስለው በበጋም ቢሆን ውኃው ሙሉ በሙሉ አይጠራም። ዓሣ አጥማጆችና ታንኳ ቀዛፊዎች ዳርቻውን ትተው ከመሀል ሐይቅ ቀድተው የሚጠጡት በከንቱ አይደለም። በመሀል ያለው ውኃ ደለሉም ከከተማና ከመንደር የሚገባው ቆሻሻም ያነሰበት ነው። ባሕር ዳር ከተማን ሁሉ የሚያዳርስ የፍሳሽ መስመር ስለሌላት፣ በዝናብ ጊዜ ከየቦዩ የሚወርደው ሁሉ መጀመሪያ የሚያርፈው ዳርቻው ላይ ነው። ይሁንና «የመሀሉ ንጹሕ ነው» ማለት ከዳርቻው ይሻላል ማለት እንጂ ሳይታከም ይጠጣል ማለት አይደለም። ጃርዲያም ሆነ አሜባ በዓይን ለሚታይ ጥራት ደንታ የላቸውም።

ማጥለል፣ ማለትም ደለሉ እስኪወርድ አስቀምጦ የጠራውን መገልበጥ፣ ርካሽ ነው፤ የሚጠይቀው ዕቃና ትዕግሥት ነው። ሦስት ማሰሮዎች ወይም ባልዲዎች ያሉት ቤተሰብ የዕለቱን ውኃ በአንደኛው ያስቀምጣል፤ በማግስቱ የላይኛውን የጠራውን ክፍል ዝቃጩን ሳይነካ ወደ ሁለተኛው ይገለብጣል፤ በሦስተኛው ቀን ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው አዛውሮ ለመጠጥ የሚያዘጋጀው ከዚያ ነው። በዚህ ሁለት ቀን ውስጥ ከደለሉ ጋር ብዙ ጀርሞች ወደ ታች ይወርዳሉ፣ ሌሎችም በራሳቸው ይሞታሉ። ለጣና ሰው ደግሞ ተጨማሪ ጥቅም አለው። በሐይቁ ዳርቻ ከሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች የሚወጣው የቢልሃርዚያ እጭ በሰው አካል ውስጥ ካልገባ ከ48 ሰዓት በላይ አይቆይም፤ ስለዚህ ክዳን ባለው ዕቃ ሁለት ቀን ያደረ ውኃ፣ ቀንድ አውጣው ራሱ አብሮ እስካልተቀዳ ድረስ፣ ቢያንስ ከዚህ አደጋ ነጻ ነው። ቢልሃርዚያ ከመጠጥ ይልቅ በቆዳ በኩል ስለሚገባ ይህ ነገር ለመታጠቢያ ውኃም ይሠራል። እዚህ ላይ እንዶድ መነሣቱ አይቀርም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1950ዎቹ በአድዋ የደረሱበት ነገር እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ነው፤ እንዶድ ውኃን ለመጠጥ የሚያጠራ ነገር አይደለም፣ የሚጠጣ ውኃ ውስጥም መግባት የለበትም።

በጨርቅ ማጥራት ከማጥለል ጋር ሲሆን ጠቃሚ ነው። በባንግላዴሽ ሴቶች አሮጌ ሳሪ ቢያንስ አራት እጥፍ አድርገው የኩሬ ውኃ እንዲያጠሩበት በተደረገ ጥናት የኮሌራ ሕመምተኞች ቁጥር በግማሽ ያህል፣ 48 በመቶ፣ ቀንሶ ተገኝቷል። የኮሌራ ባክቴሪያ በጨርቅ ለመያዝ እጅግ ትንሽ ቢሆንም፣ ውኃ ውስጥ በሚኖሩ ደቃቅ ነፍሳት ላይ ተጣብቆ ስለሚኖር ነፍሳቱ ሲያዙ እርሱም አብሮ ይያዛል። አሮጌ ጨርቅ ተመራጭ የሆነው በመታጠብ ብዛት ክሩ ተላልቶ ቀዳዳው ስለሚጠብ ነው። በእኛ አገር ያረጀ ነጠላ ደጋግሞ ታጥፎ ይህን ሥራ ሊሠራ የሚችል ይመስለኛል፤ ታጥቦ ፀሐይ ላይ መድረቁ ግን ግዴታ ነው። ግማሽ መቀነስ ግማሹ ይቀራል ማለት በመሆኑ፣ ጨርቁ ለሚከተለው ሕክምና መንገድ ይጠርጋል እንጂ አይተካውም።

አንዳንድ ደለል ሁለት ቀን ቢቀመጥም አይወርድም። የፎገራ ሸክላማ አፈር ደቃቅ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ስለሚገፋፉ ተንሳፍፈው ይቆያሉ፤ እነዚህን አያይዞ የሚያወርድ ነገር ያስፈልጋል። የከተማ ማጣሪያዎች ለዚህ የሚጠቀሙት አሉም የሚባለውን ጨው ነው። በደቡብ የሚታወቀው የሽፈራው ዛፍ ዘር ተወቅጦ ሲገባም ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ ይሁን እንጂ ዘሩ ራሱ ለጀርም ምግብ የሚሆን ነገር ውኃው ውስጥ ስለሚተው በእርሱ የጠራ ውኃ ከአንድ ቀን በላይ መቀመጥ የለበትም። ደለሉን የሚያወርደውንና ጀርሙን የሚገድለውን በአንድ እሽግ የያዙ ዱቄቶችም አሉ። በአገራችን «ቢሻን ጋሪ» በሚል ስም የሚታወቀው ከእነርሱ አንዱ ነው። ለጎርፍ ጊዜ ከተራ የክሎሪን እንክብል ይልቅ እነዚህ ቢታደሉ ትርጉም ይኖረዋል፤ የሚጠይቁት ግን ተጨማሪ ባልዲ፣ ማማሰያና ማጥሪያ ጨርቅ ነው፤ ለተፈናቀለ ቤተሰብ ሁለተኛ ባልዲ ማግኘት ከእሽጉ ይልቅ ከባድ ሊሆን ይችላል። ዕርዳታ የሚያቅድ ሰው ባልዲውን ከዱቄቱ ጋር ካልቆጠረ ዱቄቱ ሳይከፈት ይቀራል።

ውኃው ከጠራ በኋላ ክሎሪን አቻ የሌለው ነገር ነው። ርካሽ ነው፣ ማገዶ አይፈልግም፣ ከሁሉም በላይ ከታከመ በኋላ በውኃው ውስጥ ቆይቶ ጠባቂ ይሆናል። «ውሃ አጋር» የተባለው የክሎሪን ፈሳሽም ሆነ «አኳታብ» የተባለው የክሎሪን እንክብል የሚጨመርበት መጠን በእሽጉ ላይ ተጽፏል። እንክብሎቹ በየመጠናቸው ስለሚለያዩ፣ ለ20 ሊትር የተሠራውን ለ5 ሊትር ማዋል ወይም የዚህን ተቃራኒ ማድረግ የተለመደ ስሕተት ነው። እነዚህ በማይገኙበት ጊዜ ሽቶና ቀለም ያልተጨመረበት በረኪና ይተካል። ጥንካሬው 5 በመቶ ገደማ ከሆነ ለአንድ ሊትር የጠራ ውኃ 2 ጠብታ፣ ለ20 ሊትር ጄሪካን ደግሞ 40 ጠብታ፣ ማለትም ከግማሽ የሻይ ማንኪያ በጥቂቱ ያነሰ፣ ተጨምሮ ይነቀነቃል፤ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ይጠበቃል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቀለል ያለ የክሎሪን ሽታ ካለ ክሎሪኑ ሥራውን ሠርቶ ተርፏል። ምንም ሽታ ከሌለ ሁሉም አልቋልና ያው መጠን ተደግሞ 15 ደቂቃ ይጠበቃል፤ አሁንም ከሌለ በረኪናው ሞቷል ወይም ውኃው ገና አልጠራም። በረኪና በሙቀትና በብርሃን ጥንካሬውን እያጣ ስለሚሄድ፣ በሱቅ መስኮት ፀሐይ ሲመታው የከረመ ጠርሙስ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ማመን አይገባም።

የማፍላት ጉዳይ በአጭሩ ሊታለፍ በቻለ ነበር፤ ነገር ግን በደጋ አገር የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውኃ በዚያ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። 100 ስለማይሞላ አይበቃም የሚሉ አሉ። ይበቃል። በሽታ አምጪዎቹ በ70 ዲግሪ እንኳ በአንድ ደቂቃ አካባቢ ውስጥ ከሞላ ጎደል ያልቃሉ፤ ውኃው በደንብ ተንተክትኮ እስኪፈላ ድረስ በሚያልፍበት ጊዜ ሥራው ተጠናቅቋል። ለጥንቃቄ አንድ ደቂቃ፣ ከ2,000 ሜትር በላይ ደግሞ፣ እንደ ጎንደርና ደብረ ታቦር ባሉ ቦታዎች፣ ሦስት ደቂቃ እንዲንተከተክ ይመከራል። በሰሜን ተራሮች የሚጓዝ እግረኛም ከዚህ የተለየ ነገር አያስፈልገውም። ማፍላት ድፍርስነት የማያግደው መንገድ መሆኑም ትልቅ ብልጫው ነው፤ ክሎሪን የማይበግረውን ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለውን ጥገኛም ይገድላል።

ታዲያ ለምን ሁሉም አያፈላም? ማገዶ ስለሚጨርስ ነው። አንድ ሊትር ውኃ በተለመደው ሦስት ጉልቻ ለማፍላት አንድ ኪሎ ገደማ እንጨት እንደሚፈልግ ይገመታል፤ አምስት ሰዎች ለሚጠጡት 15 ሊትር በየቀኑ 15 ኪሎ እንጨት ማለት ነው። ይህን እንጨት የምትሸከመው ደግሞ ውኃውን የምትቀዳው ያችው ሴት ናት። በክረምት እንጨቱ እርጥብ ነው፣ ከሰሉ ውድ ነው፣ መብራትም ይጠፋል። ስለዚህ ማፍላትን ለሕፃናት፣ ለሕመምተኞችና ለጥቂት ቀናት አስቸኳይ ጊዜ ማቆየት፣ ለቀሪው ግን ማጥለልንና ክሎሪንን መያዝ የተሻለ አካሄድ ይመስላል።

የፀሐይ ሕክምና ለዚህ አካባቢ የታሰበ እስኪመስል ድረስ ይስማማል፤ ግን ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ነው። ሕዝቡ «ሃይላንድ» የሚለው ጠርሙስ፣ ሁለት ሊትር ወይም ከዚያ ያነሰ፣ ቀለም የሌለውና ያልተቧጨረ ከሆነ፣ በጠራ ውኃ ተሞልቶ ቆርቆሮ ጣራ ላይ ስድስት ሰዓት ይጋደማል፤ ሰማዩ ከግማሽ በላይ ከደመነ ሁለት ሙሉ ቀን ይቆያል። የውኃው ጥራት በቀላሉ ይፈተናል። የተሞላውን ጠርሙስ በጋዜጣ ርእስ ላይ አቁሞ ከላይ በአፉ በኩል ወደ ታች ሲመለከቱ ፊደሉ ካልተነበበ ውኃው እንደገና መጥለል አለበት። ዝናብ በማያቋርጥባቸው የሐምሌና የነሐሴ ቀናት ግን ይህ ዘዴ አይታመንም፤ አደጋው በሚበረታበት ወቅት የማይሠራ ነገር ዋና መከላከያ ሊሆን አይችልም።

ለተጓዥና ለአስጎብኚ የሚሸጡት ተንቀሳቃሽ ማጣሪያዎች ጥሩ ናቸው፤ 0.1 ማይክሮን ቀዳዳ ያላቸው ባክቴሪያንም ጃርዲያንም ያስቀራሉ። ቫይረስ ከዚያ ቀዳዳ ሊያልፍ ስለሚችል፣ ሰው በሚበዛበት ዳርቻ ከተቀዳ በኋላ ክሎሪን ቢጨመርበት ይመረጣል። በጣና ድፍርስ ውኃ ላይ ቶሎ ስለሚደፈኑም እዚህም ማጥለሉ ይቀድማል።

ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ አንዱም የማይነካው ነገር አለ። በርብና በጉማራ ዳር ለሽንኩርት፣ ለቲማቲምና ለሩዝ የሚረጨው ፀረ ተባይ ውኃ ውስጥ ከገባ በማፍላትም በክሎሪንም አይወጣም። በሐይቁ ላይ አንዳንድ ጊዜ እንደ አረንጓዴ ቀለም ተንሳፍፎ የሚታየው ሳያኖባክቴሪያ የሚያመነጨው መርዝም በመፍላት አይጠፋም፤ እንዲያውም ሴሎቹ ሲፈነዱ መርዙ ወደ ውኃው ይለቀቃል። እንዲህ ያለ አረንጓዴ ቅባት ከታየበት ቦታ፣ ወይም መድኃኒት ከተረጨ እርሻ በታች፣ ውኃ አለመቅዳት እንጂ ሌላ የቤት ውስጥ መፍትሔ የለም። እምቦጭ ዳርቻውን በሸፈነባቸው ቀበሌዎች የጠራ መቅጃ ቦታ መምረጥ ራሱ የሚቸግር ስለሆነ፣ ምክሩ ከመናገሩ ይልቅ መፈጸሙ ይከብዳል።

ጥንቃቄ የሚሻ ሌላ ጉዳይ ጠበል ነው። በ2015 ዓ.ም. በምዕራብ ጎንደር ቋራ ወረዳ በበርሜል ጊዮርጊስ ጠበል በተሰበሰቡ ምእመናን መካከል ኮሌራ ተነሥቶ ነበር። በእንዲህ ያለ ቦታ ጠበሉን አፍሉት ወይም ክሎሪን ጨምሩበት ብሎ መጀመር የሚያስከትለው ቁጣን ነው፤ ምእመናኑ የሚያምኑበትን ነገር መንካት ነውና። ደግነቱ ብዙው ሥራ ጠበሉን ሳይነኩ ሊሠራ ይችላል። ምንጩ ከላይ በኩል ከሰውና ከከብት ንክኪ እንዲታጠር፣ መጸዳጃው ከምንጩ በታችና በርቀት እንዲቆፈር፣ በቧንቧ ተጠልፎ እንዲወርድና ማንም ጣሳ እንዳይነክርበት ማድረግ አንድ ነገር ነው። ጸበልተኛው ለምግብ ማብሰያና ለእጅ መታጠቢያ የሚጠቀምበትን ሌላውን ውኃ በክሎሪን ማከም ሁለተኛው ነው። ይህን ከቤተ ክርስቲያኑ አስተዳዳሪዎች ጋር ከወረርሽኙ በፊት መስማማት ይገባል፤ ሰው መታመም ከጀመረ በኋላ የሚደረግ ንግግር ሁሉ ጥርጣሬ ይገጥመዋል።

በጎርፍ ጊዜ ችግሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በፎገራ፣ በሊቦ ከምከምና በደንቢያ እንደታየው፣ ሰዎች ከቤታቸው ወጥተው በትምህርት ቤትና በከፍታ ቦታ ሲሰፍሩ ማሰሮውም እንስራውም ከኋላ ይቀራል። በዓለም አቀፍ የዕርዳታ መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 15 ሊትር ውኃ መቅረብ አለበት፤ ከዚህ ውስጥ የሚጠጣው 3 ሊትር ገደማ ነው። በቦቴ የመጣ ውኃ ታክሞ የመጣ ቢሆን እንኳ፣ በአንድ ቤተሰብ አንድ ቢጫ ጄሪካን ብቻ ሲኖር፣ ያው ጄሪካን ትናንት ከጎርፍ ውኃ ተቀድቶበት ሊሆን ይችላል። ጠባብ አፍ ያለው ዕቃ እጅና ጣሳ ስለማይገባበት ለማስቀመጥ ይመረጣል፤ ውስጡን ለማጠብ ግን ያስቸግራል፤ ጥቂት ጠጠርና በረኪና የተጨመረበት ውኃ ከትቶ ደጋግሞ መነቅነቅ ይረዳል። በጎርፍ የተዋጠ ጉድጓድም ውኃው ስለጠራ ብቻ አይጠጣም። ተቀድቶ ባዶ ሆኖ፣ ግድግዳው ታጥቦ፣ ብዙ ክሎሪን ተጨምሮበት ከቆየ በኋላ ሽታው እስኪጠፋ ድረስ እንደገና ተቀድቶ መጣል አለበት።

በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ከምንጩ ንጹሕ ሆኖ የተቀዳ ውኃ ቤት ውስጥ ቆይቶ ኩባያ ላይ ሲደርስ ብዙ ጊዜ ተበክሎ እንደሚገኝ አሳይተዋል። ስለዚህ የታደለው እንክብል ብዛት ስለሚጠጣው ውኃ የሚነግረን ጥቂት ነው። የሚነግረን በጄሪካኑ ውስጥ የቀረው ክሎሪን ነው፤ በቤት ውስጥ በሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊ ግራም መገኘት አለበት። ይህን ለመለካት ቤተ ሙከራ አያስፈልግም። ትንሽ የውኃ ናሙና ውስጥ ተጨምሮ ክሎሪን ካለ ወደ ሐምራዊ የሚለወጥ ፍሬ ያለው የኪስ መለኪያ በቂ ነው፤ አንድ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በአንድ ከሰዓት ብዙ ቤቶችን ልታይበት ትችላለች። ቀለሙ ባልታየበት ቤት የሚቀጥለው ጥያቄ «እንክብሉን ጨምረሻል ወይ» መሆን የለበትም፤ ውኃው ከየት ተቀዳ፣ ስንት ቀን ተቀመጠ፣ በምን ተጣራ የሚለው ነው። የዚህ ጥያቄ መልሶች በየቀበሌው ቢሰበሰቡ በሚቀጥለው ክረምት ወደ ፎገራ እንክብል መላክ ይሻል እንደሆነ፣ ባልዲና የማጥለያ ዱቄት መላክ ይሻል እንደሆነ ከሰኔ በፊት መወሰን ይቻላል።